የቅርጫው ብር የት ገባ?

መላ በሉኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በበዓል ሰሞን የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ጠላው ለምን ኮመጠጠ፣ ዶሮዋ ስንት ብልት ይወጣታል፣ ለአማት ቤት ምን ተይዞ ይኬዳል። የዘንድሮዎቹ ግን ለየት ይላሉ፣ ሦስቱም ስለ ሌባ ናቸው። ሁለቱ አጭር ናቸው። አንደኛው ረጅም ነው፣ ግን ብዙም ሳልቆርጥ አወጣሁት፣ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ያለው ሰው ሲያወራ እግረ መንገዱን ጣል በሚያደርጋቸው ትንንሽ ነገሮች ውስጥ ነው። እስቲ መልሱን ከማንበባችሁ በፊት እናንተም ገምቱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከእማዬ፣ ከወንድሜና ከሠራተኛችን ጋር። በየዓመቱ ለገናና ለፋሲካ ከብሎካችን አሥራ ሁለት ቤት ሆነን ቅርጫ እንገባለን። ገንዘብ ያዧ እማዬ ናት፣ ሰብሳቢው ደግሞ ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። ላዋጣ ሰው ሁሉ ሁለቱ የፈረሙበት ቁራጭ ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ እስከ ዛሬ አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም።

ከገና በፊት በነበረው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም እኛ ቤት ተሰብስቦ አሥር አሥር ሺህ አዋጣ፣ በድምሩ 120,000 ብር። ሽማግሌዎቹ በስልክ መላክ አይወዱም፣ የበሬ ነጋዴውም ጥሬ ብር ካልሆነ አይልም፣ ስለዚህ ሁሉም ይዞ የመጣው ባለ መቶ ኖት ነበር። አሥራ ሁለት እስር ሆነ። በላስቲክ ታስሮ ካኪ ፖስታ ውስጥ ገባ፣ በፕላስተር ታሸገ፣ ፕላስተሩ ላይ እማዬም ሻምበልም ፈረሙ። ሁሉም እያየ።

ሰኞ እማዬ «ይሄን የሚያህል ጓዝ በበዓል ገበያ ማን ይዞ ይዞራል» ብላ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ሄዳ ወደ ባለ ሁለት መቶ አስቀየረችው። ቦርሳውን ይዛ አብራት የሄደችው ሠራተኛችን ናት። ማታ ወንድሜ ቆጠረው፣ በአዲስ ፖስታ ታሸገ፣ እማዬ ፈርማበት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው የሚያድረው። ለሌላ ሰው አልተናገረችም፣ ምን የሚነገር ነገር አለው ብላ።

ማክሰኞ የገና ዋዜማ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። ሻምበል፣ ከላያችን ፎቅ የሚኖር የቅርጫችን አባል የሆነ ባለ ታክሲ፣ እና ለበሬ ዓይን አለው ተብሎ ከሌላ ብሎክ የተለመነ ሰው። መብራት ጠፍቶ ነበር። እማዬ ፖስታውን በር ላይ ለሻምበል ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም የካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተው ቆልፈውበት ወረዱ። በመገናኛ፣ በኮተቤ አድርገው ካራ የከብት ገበያ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ገና ጎህ እየቀደደ ነው፣ ገበያው ግን ሰው በሰው። ሻምበል ኪስ አውላቂ ፈርተው ፖስታውን የመኪናው ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አስገቡት፣ መኪናው ተቆለፈ። በሬ ተመረጠ፣ ዋጋ ተቆረጠ። ሊከፍሉ ሲሉ ፖስታው ከዳሽቦርዱ አልወጣ ብሎ ሲጎትቱት ጥጉ ተቀደደ፣ ውስጡን ቢያዩት በብር ልክ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት!

ሻምበል «ፖስታው የራሳችን ነው፣ ፊርማዬ አለበት» አሉ። እንግዲያው ብሩ የተለወጠው ከቤት ሳይወጣ ነው ተባለ። ከቤት ደግሞ ማን አለ? ሠራተኛችን። ሻንጣዋን ገለበጡት። ልደታ ማርያም ወስደው አስማሏት፣ ማለች። «የሌባ መሐላ» አሏት። አንዳንዶቹ ወንድሜን ይጠረጥራሉ፣ ቤቲንግ ስለሚጫወት። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ አዋቂ ቤት እንሂድ እያለች ነው። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋ አልተነሣችም። ምን ይሻለናል?

የጨነቃት፣ ከልደታ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በበዓሉ ማግስት ነው። መጽሔቱ እስኪታተም ብጠብቅ ያቺ ልጅ በሐሜት ታልቃለች ብዬ ደወልኩልሽ። የጠየቅኩሽን ታስታውሻለሽ፣ ለአንባቢ ስል ልድገመው።

ከዚያ በፊት ግን ያቺን አዋቂ ቤት የምትለውን ጎረቤታችሁን ላሳርፋት። ይሄ ነገር ድሮም ነበረ። ሌባሻይ ይባላል። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር አጠጥተው ወይም አጢሰው ይለቁታል፣ እሱ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ እንደተዘረፈ አስቢው። ከተከለከለ ዘመን ሆኖታል። ከሌባሻይ አውጫጭኝ ይሻል ነበር፣ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ሥራ ፈቶም ቢሆን ተራ በተራ ያወጣጣል። ቢያንስ ሁሉም እኩል ይጠየቃል። የእናንተ ብሎክ አውጫጭኝ የተጠራው ግን አንዲት ልጅ ላይ ብቻ ነው፣ እሷም ከሁሉም ድሃዋ ሆና የተገኘችው።

እኔ «ማን ሰረቀ» ብዬ አልጀምርም። የፖስታውን ነገር ነው የጠየቅኩሽ።

መጀመሪያ፣ ካራ ላይ የተገኘው ፖስታ ላይ የስንት ሰው ፊርማ አለ? ውስጡስ ስንት እስር ወረቀት አለ? ፖስታው ለፖሊስ ይሆናል ተብሎ ሻምበል ቤት ተቀምጦ ስለነበር ሄደሽ አየሽው። ሁለት ፊርማ፣ የእናትሽና የሻምበል። አሥራ ሁለት እስር፣ በላስቲክ የታሰረ።

ቀጥሎ፣ የእሁዱ ፖስታ የት ደረሰ? ሰኞ ባንክ ውስጥ የተቀደደው ማለቴ ነው። ለእናትሽ ጠይቀሽ ከእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ተጣጥፎ አገኘሽው። እናቶች ካኪ ፖስታ አይጥሉም፣ ይሄን ስለማውቅ ነው የጠየቅኩት።

መጨረሻ ላይ፣ ካራ ላይ ከሦስቱ ለብቻው ዞር ያለ ነበር? ይሄን ቀስ ብለሽ ከበሬ መራጩ አወጣሽ። ሻምበልና እሱ የበሬውን ጥርስ ሲያዩ ባለ ታክሲው «መኪናውን አንሣ እያሉኝ ነው» ብሎ ሄዶ ትንሽ ቆይቶ ተመልሷል።

አሁን ነገሩን እንየው።

እናትሽ ማክሰኞ ንጋት በር ላይ የሰጡት ፖስታ ምን ዓይነት ነበር? 120,000 ብር በባለ ሁለት መቶ ኖት 600 ኖት ነው፣ ስድስት እስር ማለት ነው። በላዩ አንድ ፊርማ ብቻ ነበረው፣ የራሳቸው። ሻምበል ሰኞ ማታ እናንተ ቤት አልነበሩም፣ አልፈረሙም። ካራ ላይ የተገኘው ግን አሥራ ሁለት እስርና ሁለት ፊርማ ነው። ስለዚህ ካራ የተገኘው ከቤታችሁ የወጣው ፖስታ አይደለም። ሌላ ፖስታ ነው። በቃ፣ የነገሩ ግማሽ እዚህ ላይ አለቀ።

ይሄን አላምንም የሚል ካለ የራስሽን ደብዳቤ ያንብበው። ሻምበል ፖስታውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ቆለፉበት ብለሻል። ስድስት እስር ጎን ለጎን ሁለት ሁለት አድርገሽ ብትደረድሪው ውፍረቱ የሦስት እስር ነው፣ የካፖርት ኪስ እየተጨናነቀም ቢሆን ይችለዋል። አሥራ ሁለቱ ግን የስድስት እስር ውፍረት ነው፣ እንኳን ሊቆለፍበት አይገባም። ደግሞ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሲገባ ምንም አላስቸገረም፣ ሲወጣ ግን እስኪቀደድ ተጎተተ። ፖስታ ከልደታ ተነሥቶ ካራ እስኪደርስ አይወፍርም።

ቀጥለን እንጠይቅ። የውሸቱን ፖስታ የሠራው ሰው ምን ያውቃል፣ ምን አያውቅም? የእሁዱን በደንብ ያውቃል። ካኪ መሆኑን፣ አሥራ ሁለት እስር መሆኑን፣ ሁለት ሰው የት የት ላይ እንደፈረመ ያውቃል። የሰኞውን ግን አያውቅም። ብሩ እንደተቀየረ፣ እንደቀጠነ፣ ፊርማው አንድ እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ስድስት እስር ወረቀት ቆርጦ አንድ ፊርማ ብቻ ያስመስል ነበር፣ ሥራውም ይቀልለት ነበር።

የሰኞውን ማን ያውቃል? እናትሽ፣ ወንድምሽ፣ አንቺ፣ እና ቦርሳውን ተሸክማ ባንክ የሄደችው ሠራተኛችሁ። ስለዚህ ልጅቷን ነጻ የሚያወጣት ቦርሳውን መሸከሟ ነው። ወንድምሽም እንደዚያው፣ ባለ ሁለት መቶውን በእጁ ቆጥሮ ሲያበቃ አሥራ ሁለት እስር ወረቀት የሚቆርጥበት ምክንያት የለውም። ቤቲንጉን ይተው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ቁማር የሚጫወት ሁሉ ሌባ አይደለም።

«የእሁዱን ፖስታ ልጅቷ ከቆሻሻ አንሥታ ተጠቅማበት ቢሆንስ?» የሚል ብልጥ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የእሁዱ ፖስታ የት ደረሰ ብዬ የጠየቅኩት። ቦርሳ ውስጥ ተቀዶ ተቀምጧል። ስለዚህ ካራ የተገኘው ፖስታ ላይ ያለው የሻምበል ፊርማ ሻምበል የፈረሙት ሊሆን አይችልም። እሳቸው እሁድ የፈረሙት አንድ ፖስታ ላይ ነው፣ እሱም እናትሽ ጋ ነው። ሻምበል «ፊርማዬ አለበት» ያሉት ከልባቸው ነው፣ እሁድ መፈረማቸውን ያስታውሳሉ፣ ሰኞ ፖስታው መቀየሩን አልሰሙም። ልጅቷን ያስወነጀለው ትልቁ ማስረጃ ሌባው ራሱ የጻፈው ነበር ማለት ነው።

እሺ፣ ከመኪናው ሦስት ሰዎች ማን?

በሬ መራጩ ከሌላ ብሎክ ነው፣ እሁድ አልነበረም። የሁለቱን ፊርማ ቦታ ከየት ያመጣዋል? የመንገድ ሌባም እንደዚያው፣ መኪና ሰብሮ ብር ያገኘ ሰው ብሩን ይዞ ይሮጣል እንጂ ፊርማ አስመስሎ ወረቀት አያስቀምጥም። ሻምበል እሁድም ነበሩ፣ ፖስታውንም ይዘዋል፣ ስለዚህ እሳቸውን ዝም ብዬ አላለፍኳቸውም። ግን ሻምበል ፖስታውን ከእናትሽ እጅ ተቀብለው ኪሳቸው ከተዋል። የውሸት ፖስታ አዘጋጅተው ቢሆን ኖሮ የእውነተኛውን ቅጥነት እዚያው በር ላይ በእጃቸው ያውቁታል፣ አሥራ ሁለት እስሩንም አያወጡትም። ሌባው የእውነተኛውን ፖስታ አስቀድሞ በእጁ ያልያዘ ሰው ነው። ዳሽቦርዱን ከፍቶ ቀጭን ፖስታ ሲያገኝ ምን ያድርግ? ሰዎቹ ሊመጡ ነው፣ የሠራውን ማስተካከል አይችልም፣ ወፍራሙን እያጨናነቀ አስገባው። እሁድ የነበረ፣ ማክሰኞ መኪናው ውስጥ የነበረ፣ ፖስታውን ያልያዘ፣ ለብቻው መኪናው ጋ የተመለሰና ቁልፉ ኪሱ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ደግሞ ብሩን ብቻ መውሰድ ሲችል ወረቀት ለምን አስቀመጠ? ፖስታው ጭራሽ ቢጠፋ የሚጠየቀው መኪናው ነው። ፖስታው እንደታሸገ ከተገኘና ውስጡ ወረቀት ከሆነ ግን የሚጠየቀው ቤቱ ነው። ስርቆቱን ከካራ ወደ ልደታ፣ ከዳሽቦርዱ ወደ እናትሽ ቁም ሳጥን አዛወረው። እውነቱን ለመናገር ጭንቅላቱ ይሠራል፣ ምን ያደርጋል ታዲያ።

ያን ሁሉ ነግሬሽ ሲያበቃ አንድ ነገር ለመንኩሽ፣ ለብሎኩ እንዳትናገሪ፣ መጀመሪያ ለሻምበል ብቻ ንገሪ። የኔ ግምት የቱንም ያህል ቢገጥም በስልክ የተሠራ ነው፣ ሁለቱን ፖስታ ጎን ለጎን ማየት ያለበት ባለ ፊርማው ነው። አዩት። የእሳቸው ፊርማ መጨረሻ ላይ ጭራው ወደ ላይ ይጠመዘዛል፣ የካራው ላይ ወደ ታች ነው የወረደው። በየዓመቱ ከሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ነበር የተቀዳው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ወረቀቱ ስለሚጠብ ጭራውን ወደ ታች ነው የሚያደርጉት አሉ። ይሄን እኔም አልጠበቅኩትም።

ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወጡ፣ አንድ ፎቅ ብቻ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ ካደ። ሻምበል የእሁዱን ፖስታ አሳይተው «እኔ የፈረምኩት ይኸው። ያንተ መኪና ውስጥ የተገኘውን ማን ፈረመልኝ?» ሲሉት ቀድማ ያለቀሰችው ሚስቱ ናት። የመኪናው ዕዳ አስጨንቆት ነበር። 93,000 ብሩ ያን ማታ ተመለሰ፣ የቀረውን ለጥምቀት ሊያመጣ ተፈራረሙ። በሬው ግን ለሌላ ሰው ተሸጦ ስለነበር ብሎካችሁ ገናን በሁለት በግ ነው ያሳለፈው፣ ያም ተመስገን ነው።

በፖሊስ ይያዝ አይያዝ የሚለውን አባላቱ እየተከራከሩበት እንደሆነ ጽፈሽልኛል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ሽምግልናውን አልነቅፍም፣ ጎረቤት ነው፣ ልጆች አሉት። ነገር ግን ይሄ የተረሳ ጃንጥላ መውሰድ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆትን እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ፊርማ ማስመሰሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እና አንድ ሰው ዕዳ ስላስጨነቀው ሌላዋን ሊያሳስር እንደነበር ሽማግሌዎቹ እንዳይረሱት።

አሁን ወደ ልጅቷ። በደብዳቤሽ ውስጥ ያናደደኝ እሱ ነው፣ አልደብቅሽም። ሻንጣዋን ማን እንዲገለብጥ ተፈቀደለት? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንም ሰው ቤት፣ አካልና ንብረት ከሕግ ውጭ እንዳይበረበር ይከለክላል፣ አንቀጽ 20 ንዑስ 3 ደግሞ ተከሶ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው እንኳን እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። ያልተከሰሰችው ልጅ ቤተ ክርስቲያን ተወስዳ ማለች፣ መሐላዋም አልታመነም። ታዲያ ለምን አስማላችኋት? ያስማሏት ሰዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ በዚያው ሳሎን፣ ይቅርታ ይጠየቃት። በጓዳ «አይዞሽ፣ እኛ እኮ አልጠረጠርንሽም» የሚባለው አይሠራም። ለበዓል ወደ አገሯ ልትሄድ የነበረውም ቀርቶባት ከሆነ የትራንስፖርቷን አውጥታችሁ፣ ደመወዟን ሳትቆርጡ ላኳት። ተመልሳ ካልመጣች አትፍረጅባት።

ለፋሲካው ቅርጫ ደግሞ እባካችሁ በባንክ ይተላለፍ። ነጋዴው ጥሬ ብር ካለ ሌላ ነጋዴ ሞልቷል። ጥሬ ብር የግድ ከሆነ የኖቱ ዓይነትና ብዛት ፖስታው ላይ ይጻፍ፣ ፖስታው ሲቀየር ሁለቱም ፈራሚዎች ይኑሩ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ሱቅ አለኝ። ለገና ያስመጣሁት የዛፍ መብራት ሁለት ካርቶን በረንዳ ላይ አድሮ ተሰረቀ። ካሜራው ሌባው የመጣው 02:15 ላይ ነው ይላል፣ ፊቱ ግን አይታይም። ሁለት ጥበቃ አለኝ፣ አንዱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሌላው ከዚያ እስከ ንጋት። የመጀመሪያው ራሱ «ማታ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ እራት ልበላ ወጥቼ ነበር» ብሎ አምኗል። ደመወዙን ይዤበታለሁ። ልክ አይደለሁም?

መልስ፦ ካሜራህ የትኛውን ሰዓት ነው የሚቆጥረው? አብዛኛው ካሜራ ሲገጠም በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚተወው። እንደዚያ ከሆነ 02:15 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ነው። የማታው 2 ሰዓት ከሩብ ቢሆን ኖሮ 20:15 ብሎ ይጽፍ ነበር።

ለማረጋገጥ ባለሙያ አያስፈልግህም። ያንኑ ቀን ጠዋት አንተ ሱቅ ስትከፍት ያለውን ቅጂ ፈልግ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከፍተህ ካሜራው 08:00 ካለ የፈረንጅ ነው፣ 02:00 ካለ የኛ ነው። የፈረንጅ ሆኖ ከተገኘ እራት የበላው ሰው ምንም አላጠፋም፣ ሌባው ሲመጣ እሱ ቤቱ ተኝቷል። ደመወዙን ዛሬውኑ ስጠው። ሁለተኛውንም ቢሆን ሌባ ነህ ብለህ አትጀምር፣ በዚያ ሰዓት የት እንደነበርክ ንገረኝ በለው፣ በታኅሣሥ ብርድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥበቃ የሚገኘው ከሰል ባለበት ነው። የኛ ሆኖ ከተገኘ ግን ጠዋት ይሁን ማታ ከብርሃኑ ለየውና ተመልሰህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከለገሃር ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ የአንገት ሐብሏን ፈልገን አጣነው። በቅርቡ አንድ ዘመዳችን ሲያስመዝነው ተገኘ። ስንጠይቀው «በሕይወት እያለች ሸጣልኛለች» ብሎ በእጅ የተጻፈ ውል አወጣ። «ዛሬ ታኅሣሥ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በገና በዓል ዕለት፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት» ብሎ ይጀምራል። ምስክር የተባሉት ሁለቱም ሞተዋል። እናቴ መጻፍ ስለማትችል ያለው የጣት አሻራ ነው። ተሸንፈናል ማለት ነው?

መልስ፦ ቀኑን ደግመህ አንብበው። በ2016 ዓ.ም. ገና የዋለው ታኅሣሥ 28፣ እሁድ ነው። 29 ሰኞ ነበር፣ በዓሉ አልፎ።

በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት፣ ማለት በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና አንድ ቀን ቀድማ ታኅሣሥ 28 ትውላለች። ጾሙን ሲጾም ከርሞ፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆሞ፣ ዶሮው ቀርቦለት ውል የሚጽፍ ሰው ዕለቱ ስንት እንደሆነ አይጠፋውም። ከዓመታት በኋላ ቁጭ ብሎ «ገና መቼም 29 ነው» የሚል ሰው ግን በቀላሉ ይሳሳታል። ይሄ ብቻውን ወረቀቱ ሐሰት ነው አያሰኝም፣ ቀን የሚዘነጋ ሰው አለ። ግን መርማሪ የሚይዘው ጥሩ ጫፍ ነው።

ዘመድህን ስለ ቀኑ እንዳታነሣበት። በዚያ ዕለት ማን ማን እንደነበረ፣ ውሉ የተጻፈው ከምሳ በፊት ይሁን በኋላ፣ በማግስቱ ሥራ ገብቶ እንደሆነ ዝም ብለህ አስወራው፣ የሚለውንም ጻፈው። ውሉን ፎቶ አንሣና ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ አመልክት፣ ዋናውን ወረቀት እንዲያስቀርቡትና የጣት አሻራው እንዲመረመር ጠይቅ። የእናትህ አሻራ ያለበት ሌላ ሰነድ፣ የባንክም ይሁን የቀበሌ፣ ካለ አብረህ ውሰድ።